ከወፍ ዋሻው ድኩላ ላይ የተለቀመው መዥገር የትኛው ነው?

ከደብረ ሲና በላይ፣ ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ የሚኖር አንድ መምህር በከብት አርቢዎች የውይይት መድረካችን ላይ ሦስት ፎቶግራፎችና ረዘም ያለ ጽሑፍ አስቀመጠ። ውሾች አባርረውት ገደል የገባ ኮርማ ድኩላ ሞቶ ማግኘቱን፣ ለደኑ ጠባቂዎች ካስታወቀ በኋላ እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ በሬሳው ላይ ያየውን በስልኩ ማንሣቱን፣ ከጆሮው ውስጥ፣ ከጅራቱ ሥርና ከብብቱ የተወሰኑ ተባዮችንም ለቅሞ መያዙን አስረዳ። ጥያቄው ሁለት ነበር። አንደኛው የተባዮቹ ዓይነት ምን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቢመስልም አስቀድሞ ፍርድ የሰጠ ነበር፤ በላሞቹ ላይ በየዓመቱ የሚያየው መዥገር ከደን የሚመጣ እንደሆነ፣ ድኩላውና ሚዳቋው ከግጦሹ ካልራቁ በቀር መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ይናገራል። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ በጣም ረዝሟል፤ አዲስ የሚገቡትም ሳያነቡት ያንኑ መልሰው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስሁ በራሴ ቃል አሰባስቤያቸዋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይም ዝም አላልሁም።

ከአጣዬ የተላከው 1ኛው ምላሽ እጅግ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው መምህሩን በአንቱታ አመስግኖ፣ በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው አመድማ ሰማያዊ ተባይ በየበረቱ የሚታወቀው ሰማያዊ መዥገር እንደሆነ ያለ ጥርጥር አረጋገጠ። 2ኛው ምላሽ ይህንኑ ደግፎ፣ በአባቱ በሬዎች ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለቅመው የኖረው እርሱኑ እንደሆነ ጨመረ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር።

ያላለቀው በ3ኛው ምላሽ ምክንያት ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ የእንስሳት ጤና ረዳት የሆነች ሴት፣ ከሁለቱ ወንድሞቿ አሳብ በትሕትና እንደምትለይ ገልጻ፣ መዥገርን በሆዱ ቀለም መለየት እንደማይቻል አስረዳች። ደም የጠገበች እንስት መዥገር የየትኛውም ወገን ብትሆን ተነፍታ እንደ ጉሎ ፍሬ ትሆናለች፤ ቀለሟም የሚለዋወጠው በጠጣችው ደም መጠን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጀርባ ጋሻው ነው። የወንዱን ጀርባ ደረቁ ጋሻ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሸፍነው ወንዱ አይነፋም፤ የእንስቷ ጋሻ ግን ከአፏ ቀጥሎ ያለውን ትንሽ ክፍል ብቻ ይሸፍናል፤ የቀረው ቆዳዋ ስለሚለጠጥ ብዙ ደም ትይዛለች። ሰው ሁሉ ትልቋን እንስት ለቅሞ ትንሹን ወንድ ይተዋል፤ ለመለየት የሚጠቅሙት ምልክቶች በብዛት ያሉት ግን በወንዱ ላይ ነው። የሰማያዊው መዥገር ወንድ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእንስቷ ሆድ ሥር ተለጥፎ መሆኑንም አስታወሰች።

ቀጥላም ወደ አፉ ወሰደችን። አምብሊዮማና ሃያሎማ በሚባሉት የመዥገር ወገኖች አፉ ረጅም ሆኖ ከፊት ጎልቶ ይታያል፤ በሪፒሴፋለስና በሄማፊሳሊስ ግን አጭር ነው። ከአጭሮቹም የሪፒሴፋለስ አፍ የተተከለበት መሠረት ከላይ ሲታይ ግራና ቀኙ የሾለ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ የሄማፊሳሊስ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት መዳሰሻዎቹ ወደ ውጭ የሰፉ ናቸው፤ ዓይንም የለውም። የሃያሎማ እግሮች ረጃጅምና ቀለበት ቀለበት የተቀባባ መልክ ያላቸው ናቸው። በሞቃታማና እርጥበት ባላቸው ቦታዎች የሚበዛው የአምብሊዮማ ቫሪጋተም ወንድ በብርቱካንማ ጀርባው ላይ ባሉት ጥቋቁር መስመሮች ይታወቃል፤ እርሱን በዓይን መለየት ይቻላል። የቀሩትን ግን ያለ ማጉያ መስተዋት በስም መጥራት መገመት ነው። በእኔ አስተያየት ከክሩ አንድ ምላሽ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው 3ኛውን ያንብብ።

4ኛው ምላሽ ገበሬ ማጉያ ከየት ያመጣል ብሎ ጠየቀ። 5ኛው በስልክ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጥ ርካሽ ማጉያ በቂ እንደሆነ፣ መዥገሩንም በጀርባውና በሆዱ በኩል፣ አፉንም በቅርብ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ ማንሣት እንደሚገባ መለሰ። የማስመሪያው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መድረካችን ላይ ከሚወጡት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ተባዩ የጤፍ ያህል ይሁን የባቄላ ያህል እንኳ አያሳዩም።

6ኛው ምላሽ ወደ ሦስተኛው ፎቶግራፍ ዞረ። በዚያ ላይ የሚታየው ጠፍጣፋ ቡናማ ተባይ ስድስት እግር ስላለው ገና ከእንቁላል የወጣ የመዥገር ልጅ ነው ሲል ደመደመ። ሕጉን አልሳተም፤ መዥገር ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር አለው፤ ስምንተኛው እግር የሚሞላው የመጀመሪያ ቆዳውን ከገፈፈ በኋላ ነው። ነገር ግን ከመንዝ የመጣው 7ኛው ምላሽ ድምዳሜውን አፈረሰው። በግ በማርባት የምትተዳደረው ይህች እናት፣ ከእንቁላል የወጣ የመዥገር ልጅ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ነቁጥ መሆኑን፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ግን ከጎኑ ካለው የድኩላ ፀጉር ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አመለከተች። ራሱ፣ ደረቱና ሆዱ ተለያይተው ይታያሉ፤ እግሮቹ ጫፍ ላይ ጥፍር አለ፤ መምህሩም ሲይዘው በፀጉሩ መሐል ይሮጥ እንደነበር ጽፏል። መዥገር አፉን ተክሎ ይቀመጣል እንጂ እንዲህ አይሮጥም። ስለዚህ ይህ በመንዝ በጎች ሱፍ ውስጥ ሁልጊዜ የምታየው ክንፍ አልባ ደም መጣጭ ዝንብ ዘመድ እንደሆነ አስረዳች። ልክ ናት። በድኩላና በመሰሎቹ ላይ የሚኖሩ፣ ከእንስሳው ላይ ሲያርፉ ክንፋቸውን የሚጥሉ የዚህ ዝንብ ወገኖች በአፍሪካ ይታወቃሉ። 6ኛው ጸሐፊ ተመልሶ አመሰገናት፤ በመድረካችን እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

8ኛው ምላሽ የመጣው ከአሜሪካ ከቨርጂኒያ ነው። የደብረ ሲና ተወላጅ የሆነው ጸሐፊ እርሱ ባለበት አገር የዱር አጋዘን መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ እንደሚያስተላልፍ፣ ስለዚህ መምህሩ በአስቸኳይ ሐኪም እንዲያይ አጥብቆ መከረ። አሳቢነቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገሩ ግን የዚያ አገር ነገር ነው። በ9ኛው ምላሽ እንደተብራራው፣ እዚያ ያለው ነጭ ጭራ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል ሌላ እንስሳ ነው፤ የእኛ ድኩላ ቀንዱን እስኪሞት ይዞ ይኖራል። በሽታውን የሚያስተላልፈው እግረ ጥቁሩ መዥገር የኢክሶደስ ወገን ሆኖ፣ ከፊንጢጣው ፊት ለፊት በሚዞረው ቦይ ከሌሎቹ ይለያል፤ ያ ዝርያ እዚህ የለም። እዚያም ቢሆን ተሐዋሲውን ወደ መዥገሩ የምታስገባው በተለይ የመስክ አይጥ ናት፤ አጋዘኑ መዥገሩን ይመግባል፣ ያራባል እንጂ የበሽታው ማደሪያ አይደለም። ይህ ነጥብ ኋላ ለተነሣው የወፍ ዋሻ ክርክር ይጠቅም ነበር፤ ግን ማንም አላነሣውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ። 10ኛው ምላሽ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ያለችው፣ በጀርባዋ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያላት የአምብሊዮማ ወገን መዥገር የነከሰችው ሰው የበሬና የበግ ሥጋ ሲበላ ሰውነቱ እንደሚቆጣ ተረከ። ነገሩ እውነት ነው። 11ኛው ምላሽ እንዲህ ያለችዋ መዥገር ዐቢይ ጾም ሲገባ ለጎረቤቱ ብትታዘዝለት እንደሚወድ ቀለደ፤ ከዚያም ስለ ጾምና ስለ ሥጋ ቤት አራት አምስት አጫጭር ምላሾች ተከተሉ። እነርሱን እዘልላቸዋለሁ።

ከቀልዱ መሐል የወጣ አንድ ነገር ግን መታረም ነበረበት። 16ኛው ምላሽ በየክረምቱ የሚነሣውን የግርሻ ትኩሳት የሚያመጣው መዥገር ነው ብሎ ነበር። 17ኛው እንዳረመው፣ በደጋው የሚታወቀውን ግርሻ የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚደበቀው የሰውነት ቅማል ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው ግርሻ በሌላ የአፍሪካ ክፍል አለ፤ አስተላላፊውም በጎጆ ወለልና በግድግዳ ስንጥቅ የሚኖር፣ የጀርባ ጋሻ የሌለው ለስላሳ መዥገር ነው። በድኩላ ጆሮ የሚገኘው ከዚያ ጋር አይገናኝም።

የቃሉ ለዛ የተለወጠው በ18ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደልም ሆነ አካሉን መያዝ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እንደሚያስጠይቅ ጠቅሶ፣ መምህሩን ድኩላ አሳድዶ ገድሎ ኋላ ሳይንቲስት ነኝ የሚል ሰው አድርጎ አቀረበው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በአንቱታ ሲነጋገሩ፣ አንተ ማለት የጀመረው እርሱ ነው። መምህሩ በ19ኛው ምላሽ በመጀመሪያው ጽሑፉ ለጠባቂዎች ማስታወቁን መግለጹን፣ ሬሳውንም እነርሱ እንደተረከቡት በቁጣ አሳሰበ። አዋጁን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ መነሻውን ጽሑፍ ሳያነቡ ሰውን መወንጀል ግን ነውር ነው።

ስለ አያያዝ የተነሣው ጠብ ከዚህ ይበልጥ ፍሬ ነበረው። 20ኛው ምላሽ መዥገሮቹ እንዳይበሰብሱ በአረቄ እንዲዘፈዘፉ መከረ፤ የ21ኛው ጸሐፊ ይህን ሲሰማ በጣም ተሳለቀ። በአረቄ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ናሙና በደንብ አይጠብቅም፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሻላል። ፎርማሊን ኋላ የዘር ምርመራ ማድረግን ያሰናክላል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። መዥገሩንም ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዞ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይገባል፤ ጋዝ መቀባትና በክብሪት መለብለብ ናሙናውን ያበላሻል፤ ተጎትቶ የተቆረጠም አፉ በቆዳው ውስጥ ይቀራል፤ አፉ የሌለው መዥገር ደግሞ ከላይ እንደተባለው አይለይም። 21ኛው ይህን ሁሉ ያለ ስድብ መናገር በቻለ ነበር።

22ኛው ምላሽ ከሸዋ ሮቢት ነው፤ በቆላው በግመልና በፍየል ላይ በዝሆን ጥርስ መልክ ነጭ የተዥጎረጎረ መዥገር እንደሚያይ፣ በደጋው ግን አይቶት እንደማያውቅ ጻፈ። ይህ ሪፒሴፋለስ ፑልኬለስ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ ደረቅ ቆላ የሚወድ ስለሆነ ከወፍ ዋሻ በላይ ባለው ብርድ አይጠበቅም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ያለው መንገድ በሰዓታት ውስጥ ከሙቀት ወደ ውርጭ ያወጣል፤ በዚህ ዳገት ላይ ናሙና ሲለቀም ከፍታውን አለመጻፍ ትልቅ ጉድለት ነው።

23ኛው ምላሽ ለእኔ የክሩ ጌጥ ነው። በአንኮበር ገደሎች ሰስ ሲያይ ያደገ ሰው፣ ሰስ ከዓይኑ ፊት ባለው ዕጢ የሚወጣውን ጥቁር ፈሳሽ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እንደሚቀባ ገልጾ፣ በደቡባዊ አፍሪካ የአንድ ኢክሶደስ ዝርያ መዥገሮች በዚያ በተቀባው ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበው ሰሱ እስኪመለስ እንደሚጠብቁ መታወቁን አነሣ። በእኛ ገደል ማንም ይህን አልመረመረም ብሎ አሳዘነን። ከድኩላው ጥያቄ ትንሽ ቢርቅም፣ አንድ መዥገር ከአንድ የዱር እንስሳ ጋር ምን ያህል ሊተሳሰር እንደሚችል ያሳያል።

ከ24ኛው እስከ 29ኛው ድረስ የነበረው ክርክር ስለ መምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ ነበር። 24ኛው መምህሩን ሙሉ በሙሉ ደግፎ ደኑ የበሽታ ጎተራ ነው አለ። ያቺው የደብረ ብርሃን ረዳት በ25ኛው ምላሽ ተመልሳ፣ አሁን ግን በጠንካራ ቃል፣ ሰማያዊው መዥገር ከልጅነት እስከ ሙሉነት ያለውን ዕድሜ ሁሉ በአንድ እንስሳ ላይ ሦስት ሳምንት ገደማ የሚያሳልፍ፣ ከሁሉ በላይ በከብት የሚኖር እንደሆነ ገለጸች። እያንዳንዷ እንስት ስትጠግብ ወድቃ 2500 ገደማ እንቁላል ሣር ውስጥ ትጥላለች። በደኑ ጥግ የሚሰማራው የከብት ብዛት ከድኩላው ብዛት ጋር ሲታይ፣ ግጦሹን በመዥገር የሚሞላው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። 26ኛው ምላሽ ይህ ለሰማያዊው ብቻ እንደሚሠራ በትክክል አስተዋለ፤ አምብሊዮማ በሦስት እንስሳት ላይ ተራ በተራ የሚመገብ ስለሆነ ትንሹ በዱር እንስሳ፣ ትልቁ በላም ላይ ሊገኝ ይችላል። 27ኛው ተሳደበ። 28ኛው ተሳዳቢውን ተሳደበ።

ክርክሩን ያዞረው 29ኛው ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ አጉልቶ ሲመለከት ሰማያዊው መዥገር የተነሣው በሰው መዳፍ ላይ እንጂ በድኩላው ቆዳ ላይ አለመሆኑን አስተዋለና፣ ይህ መዥገር ከድኩላው ለመለቀሙ ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መምህሩ በ30ኛው ምላሽ እንደገለጸው፣ በዚያው ዕለት ከላሞቹ የለቀማቸውንም ለማወዳደር በማለት በዚያው ጠርሙስ ጨምሯቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሰማያዊው የተጻፈው ሁሉ፣ የ1ኛውና የ24ኛው እርግጠኝነት ሳይቀር፣ ስለ ላም መዥገር ሊሆን ይችላል።

መምህሩ ሆኖም አልተወውም። ጠርሙሱን ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ወስዶ ያገኘውን በ33ኛው ምላሽ ዘረዘረ። ከጅራት ሥር በፎቶግራፍ ጭምር የያዛቸው ባለ ብርቱካንማ ቀይ እግሮች ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ ሆነው ተለዩ፤ ይህ መዥገር ሙሉ ሲሆን ጅራት ሥር፣ ልጅ ሳለ ደግሞ ጆሮ ውስጥ መቀመጥ የሚወድ ስለሆነ ቦታውም ይስማማል። ከጆሮ የወጡት ግን ገና ያልጎለመሱ በመሆናቸው፣ ከቦታው ተነሥቶ የእርሱ ልጆች ናቸው ማለት ስለማይቻል በወገን ብቻ ተመዘገቡ። ከብብት ከተገኙት አንዱ ዓይን የሌለው፣ መዳሰሻው ወደ ውጭ የሰፋ ሄማፊሳሊስ ነው፤ የዚህ ወገን አንዳንድ ዝርያዎች በአፍሪካ ደጋ ደኖች ድኩላን ይወዳሉ። ሰማያዊው፣ የአፉ ጥርሶች በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ረድፍ ሆነው ስለተቆጠሩ፣ በእርግጥም ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ነው። የማን እንደነበር ግን ጥርሱ አይናገርም።

34ኛው ምላሽ ከሬሳ ላይ የሚለቀም ነገር ሁልጊዜ ጎደሎ እንደሚሆን አከለ፤ ገላው ሲቀዘቅዝ ያልተጣበቁት ለቅቀው ይሄዳሉ፤ በተለይ የሚሮጡት ዝንቦች ቀድመው ይጠፋሉ። ስለዚህ ድኩላ ሞቶ እስኪገኝ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በ35ኛው ምላሽ እንደቀረበው፣ አንድ ሜትር ገደማ ነጭ አቡጀዲ በእንጨት ላይ አስሮ በደኑ ጥግና በግጦሹ ሣር ላይ ቀስ ብሎ መጎተት፣ በየጥቂት እርምጃውም ገልብጦ የተጣበቀውን መልቀም ይሻላል። የደኑ በአንድ ጠርሙስ፣ የግጦሹ በሌላ፣ የላሞቹ በሦስተኛ ይሁን፤ ከፍታና ቀን ይጻፍበት። መምህሩ ዝናቡ ሲጀምር፣ የአምብሊዮማ ሙሎች በሚበዙበት ወራት እንደሚሞክረው ጻፈ፤ የመንዟ እናትም አቡጀዲ እንደምትልክለት ነገረችው። የመጨረሻው፣ 38ኛው ምላሽ፣ የአምብሊዮማና የሃያሎማ ሙሎች ሣር ጫፍ ላይ የማይጠብቁ፣ ከመሬት ተነሥተው ወደ እንስሳው የሚሮጡ ስለሆኑ በአቡጀዲ እምብዛም እንደማይያዙ አስጠንቅቆ፣ በዚያው ዕለት የላሞቹ ጡትና ብብትም በእጅ እንዲፈተሽ አሳሰበው።